ስለ ቪሼይ እና ስለ ዛንድማን ቤተሰብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችሁ ያለውን የዲሽ ሪሲቨር አስቡት። ከፊት ለፊቱ ሪሞቱን የምታይ አንዲት ጥቁር ዓይን አለች። ሦስት እግር አላት፣ ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም። ሪሞቱ አልሠራ ሲል ባትሪ ቀይረን፣ ሪሞቱን መዳፋችን ላይ መትተን፣ በመጨረሻ ጥገና ቤት የምንወስደው ብዙ ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው። ጠጋኞች ከሚያውቋቸው የእነዚህ ዓይኖች ስሞች አንዱ ቲኤስኦፒ 1738 ነው። ቲኤስኦፒ የሚለውን ስም የሚጠቀመው ቪሼይ የሚባል ኩባንያ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ልጆች ስለዚህ ኩባንያ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ዕቃው ነው። ታሪኩን ትንሽ ነካ ሳደርግላቸው ግን ዕቃውን ትተው ስለ መሥራቹ ስለ ፌሊክስ ዛንድማን መጠየቅ ይጀምራሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም እንደዚያው ነው የሆንኩት። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪሼይ ምንድን ነው የሚሠራው?

ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ)፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም)፣ ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል)፣ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ሞስፌት (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ የብርሃን ሴንሰር። ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን አይሠራም። ስልኩና ቴሌቪዥኑ የሚሠሩበትን ጥቃቅን ነገር ነው የሚያመርተው። እነዚህ ዕቃዎች ለኤሌክትሮኒክስ እንደ ወጥ ሽንኩርት ናቸው። ሲበላ ስማቸው አይነሳም፣ ከሌሉ ግን ወጥ የለም።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ማልቨርን በምትባል ከተማ ነው። ፋብሪካዎቹ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በእስራኤል ተበትነዋል። ከ20,000 በላይ ሠራተኛ አለው። በ2024 ሽያጩ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ቪሼይ የሚለው ስም ከየት መጣ? የመሥራቹ ስም ነው?

አይደለም። የመሥራቹ ስም ፌሊክስ ዛንድማን ነው። ቪሼይ የመንደር ስም ነው። በደቡብ ሊትዌኒያ የምትገኝ ትንሽ ቦታ ናት፤ ሊትዌኒያውያን ቬይሲዬይ ይሏታል። ዪዲሽ የተባለውን ቋንቋ የሚናገሩት አይሁዶች ደግሞ ቪሼይ ይሏት ነበር። የዛንድማንና ኩባንያውን በገንዘብ ያቆመለት የዘመዱ የአልፍሬድ ስላነር ዘመዶች በዚያች መንደር ይኖሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ፈጇቸው።

ሁለቱ ሰዎች በ1962 ኩባንያ ሲከፍቱ የራሳቸውን ስም መስጠት ይችሉ ነበር። የሰጡት የሞቱትን ሰዎች መንደር ስም ነው። እንግዲህ በየቀኑ ከፋብሪካ የሚወጣው ካርቶን ሁሉ ያንን ስም ይዞ ይወጣል። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ስሙን እንደ ድሮው አይቼው አላውቅም።

ለነገሩ መንደሯ ሌላም ታሪክ አላት። ኤስፔራንቶ የተባለውን ቋንቋ የፈጠረው ዶክተር ዛሜንሆፍ በ1885 ሕክምና መሥራት የጀመረው እዚያ ነው።

ፌሊክስ ዛንድማን ማን ነበር?

የግሮድኖ ልጅ ነው። ግሮድኖ ያኔ ፖላንድ ነበረች፤ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ናት። ጀርመኖች በ1941 ከተማዋን ያዙ። አይሁዶቹን ጌቶ በሚባል የታጠረ ሰፈር ውስጥ አጎሯቸው። ከዚያ በባቡር እየጫኑ ወደ ግድያ ካምፖች ወሰዷቸው። በ1943 መጀመሪያ ጌቶው ባዶ ሆነ። ፌሊክስ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። አብዛኛው ቤተሰቡ አለቀ።

እሱ ሸሽቶ ሎሶስና ወደምትባል ቦታ ሄደ። ከግሮድኖ ወጣ ብላ ያለች ናት። ቤተሰቡ ከጦርነቱ በፊት ክረምት የሚያሳልፍበት ቤት እዚያ ነበረው። ቤቱን የሚጠብቁት ያንና አና ፑቻልስኪ የተባሉ ካቶሊክ ፖላንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። አምስት ልጆች ነበሯቸው። ድሆች ነበሩ። አይሁድ የደበቀ ሰው ከነቤተሰቡ ይገደል ነበር። ወይዘሮ አና ይህን እያወቁ በሩን ከፈቱለት። አጎቱ ሴንደርና ሌሎችም እዚያ ተጠጉ።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ጉድጓድ ተቆፈረ። ርዝመቱ 170 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 150፣ ከፍታው 120።

እስቲ ሜትር አውጥታችሁ ለኩት። እኔ አንድ ቀን ማታ ለካሁት። የአንድ ሰው አልጋ ርዝመቱ 190 ነው፤ ጉድጓዱ ከአልጋዬ ያጥራል። ልቁም ብትሉ ጣሪያው ደረታችሁ ላይ ያቆማችኋል። አራት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛበት ለአንዱ የሚደርሰው 37 ሳንቲሜትር ነው። ይህ የአንድ ጎልማሳ ትከሻ ስፋት እንኳ አይሞላም። እዚያ ውስጥ 17 ወር ቆዩ። የሶቪየት ጦር በሐምሌ 1944 ግሮድኖን ሲይዝ ነው የወጡት።

በጨለማ ሂሳብ ተማረ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ራሳቸው ዶክተር ዛንድማን በሕይወት ታሪካቸው አስፍረውታል።

አጎቱ ሴንደር ሂሳብ የሚወድ ሰው ነበር። ልጁ በዚያ ጨለማ አእምሮውን እንዳያጣ ፈራ። ስለዚህ አስተማሪው ሆነ። ትሪጎኖሜትሪና ከፍ ያለ ሂሳብ ለረጅም ሰዓታት በቃል አስተማረው። ሦስት ማዕዘን በሐሳብ ይሳላል፤ ጎኖቹ ይሰየማሉ፤ ስሌቱ በጭንቅላት ይሠራል፤ መልሱ በሹክሹክታ ይነገራል። ሹክሹክታ የሆነው ከላይ የሚረግጠው እግር የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

በድሮ ጊዜ ቅኔ የተማሩ አባቶች ይህን ቶሎ ይረዱታል። የቆሎ ተማሪ ቅኔውን ማታ በጭንቅላቱ ቆጥሮ፣ አራግፎ፣ ጠዋት ለመምህሩ ያቀርባል። ወረቀት የለም። አእምሮ ራሱ ወረቀት ይሆናል። ፌሊክስ ከጉድጓዱ ሲወጣ ትምህርት ቤት ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሂሳቡ ግን እጁ ላይ ነበር።

ወይዘሮ አና ለምን ይህን ያህል አደጋ ወሰዱ?

ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት ወይዘሮ አና ክፉ ቀን ገጥሟቸው ነበር። ያን ጊዜ የደረሱላቸው የፌሊክስ አያት ነበሩ። ቴማ ይባላሉ። አያትየው ያደረጉትን ምናልባት ረስተውት ይሆናል፤ ወይዘሮ አና ግን አልረሱትም። የልጅ ልጃቸው በር ሲያንኳኳ የቴማ ልጅ ነው ብለው አስገቡት።

እኔ ግን ሁሉም ነገር በውለታ ብቻ አይገባኝም። ውለታ አንድ ሌሊት ያሳድራል። 17 ወር ሙሉ፣ አምስት የራስን ልጆች ይዞ፣ ምግብ ከጎደለበት ቤት እየቆረሱ፣ የሰው ቆሻሻ በባልዲ እያወጡ ማቆየት ከውለታ ያልፋል። የየሩሳሌሙ ያድ ቫሼም፣ ናዚዎች የፈጇቸው አይሁዶች መታሰቢያ ተቋም፣ ሁለቱን ባልና ሚስት ‹ከአሕዛብ መካከል ጻድቃን› ብሎ መዝግቧቸዋል።

አምስቱ ልጆችም ቢሆኑ ሊረሱ አይገባም። ከወለላቸው ሥር ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር፤ አልተናገሩም። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚያ እንዴት አሜሪካ ደረሰ?

በ1946 ፈረንሳይ ገባ። ናንሲ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ኢንጂነሪንግ ተማረ። ዶክትሬቱን ከፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ያጠናው አንድ ነገር ሲጫኑት፣ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ውስጡ ያለውን ጭንቀት እንዴት በዓይን ማየት ይቻላል የሚለውን ነው። ፎቶስትሬስ የተባለ ዘዴ ፈጠረ። የአውሮፕላን ክፍል ወይም የማሽን አካል በልዩ ፕላስቲክ ይለበጣል። በልዩ መብራት ሲታይ ጫና የበዛበት ቦታ በቀለም ይወጣል። ኢንጂነሮች የት ጋ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ቀድመው ያያሉ።

በ1956 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ፊላዴልፊያ አካባቢ ባድ በተባለው ኩባንያ ሥር፣ የመለኪያ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የምርምር ክፍል መራ። ባድ የባቡር ፉርጎና የመኪና አካል የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ነበር።

የፈጠራው ነገር ምንድን ነው? ሬዚስተር ድሮም ነበረ አይደል?

ነበረ። ችግሩ ሙቀት ነው።

ሬዚስተር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ ሬዚስታንስ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታበት ልክ ነው፣ የሚለካውም በኦም ነው። 10,000 ኦም ያለው ተራ የሜታል ፊልም ሬዚስተር ውሰዱ። በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 100 እጅ ይለወጣል እንበል። 40 ዲግሪ ሲሞቅ ለውጡ 40 ኦም ይሆናል። ለሬዲዮ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ለትክክለኛ መለኪያ ግን ጥፋት ነው። መሣሪያው የሚነግራችሁ የሚለካውን ነገር ይሁን የራሱን ትኩሳት አታውቁም።

ዛንድማን ያመጣው ሐሳብ ሁለት ስህተቶችን እርስ በርስ ማጣላት ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ከኒኬልና ክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ስስ ፎይል አለ። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፤ የራስ ፀጉር ከዚያ በብዙ ይወፍራል። ይህ ፎይል ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል። አንደኛው ስህተት ይህ ነው።

ፎይሉ በሴራሚክ ላይ በጥብቅ ተለጥፏል። ሲሞቁ ሁለቱም ይለጠጣሉ። ነገር ግን ብረቱ ከሴራሚኩ የበለጠ መለጠጥ ይፈልጋል። ሴራሚኩ አይለቀውም። ስለዚህ ፎይሉ ተጨምቆ ይቀራል። የተጨመቀ ብረት ደግሞ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ስህተት ይህ ነው።

አንዱ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ታች። ቅይጡን፣ ሴራሚኩንና ሙጫውን በትክክል ከመረጣችሁ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ውጤቱ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ብዙም ንቅንቅ የማይል ሬዚስተር ነው። በዚህ ዘዴ ከተሠሩት አንዱ በዲግሪ ከሚሊዮን 2 እጅ ብቻ ቢለወጥ፣ ያ 40 ኦም የነበረው ስህተት ወደ 0.8 ኦም ይወርዳል። የቅርቦቹ ከዚያም ያነሰ ነው የሚለወጡት።

ይህን እንዲያስብ ያደረገው ሬዚስተርን ማጥናቱ አልነበረም። ጭንቀትን ማጥናቱ ነው። የሬዚስተር ሰዎች የተሻለ ብረት ሲፈልጉ ቆይተዋል። እሱ ግን ብረት ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ የኖረ ሰው ነበር። ጭንቀቱን እንደ ጠላት አላየውም፣ ሥራ ላይ አዋለው።

ያን ያህል ትክክለኛ ሬዚስተር ማን ይፈልጋል?

ሳተላይት፣ የላቦራቶሪ ሚዛን፣ የሕክምና መመርመሪያ፣ የአውሮፕላን መሣሪያ፣ ሌሎች መለኪያዎች የሚስተካከሉባቸው የመለኪያዎች መለኪያ። አሥር ተራ ሬዚስተር የምትገዙበት ገንዘብ ለአንዱ አይበቃም። ስለዚህ የሰፈር ጥገና ቤት ውስጥ አታገኙትም፤ ማግኘትም አያስፈልጋችሁም።

ኩባንያው ሲጀምር ከሬዚስተሩ ጋር ስትሬን ጌጅም ይሠራ ነበር። ይህም የዚያው ሐሳብ ዘመድ ነው። ብረት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፎይል ነው፤ ብረቱ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ ይለወጣል። የጭነት መኪና የሚመዘንበት የመንገድ ሚዛን የሚሠራው በዚህ መርህ ነው። ሱቅ ላይ ያለው ዲጂታል ሚዛንም እንደዚያው።

መነሻ ገንዘቡን ከየት አገኘ?

ከካልሲ። አልፍሬድ ስላነር ካይዘር-ሮት የተባለ የካልሲና ስቶኪንግ ኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። እግር ደግፎ የሚይዝ የሴቶች ስቶኪንግ የፈጠሩም እሳቸው ናቸው። ስለ ሬዚስተር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዘመዳቸውን ግን አመኑት። የቤተሰብ ድርጅት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ ባንክ የማያምነውን ዘመድ ያምነዋል።

እንዴት ይህን ያህል ትልቅ ሆነ?

በመግዛት። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ምናምን ዓመታት በጠባብ ሥራ ላይ ቆየ። በፎይል ሬዚስተርና በስትሬን ጌጅ ዓለምን መራ፤ ግን ገበያው ራሱ ትንሽ ነበር። ከ1985 ጀምሮ አካሄዱ ተለወጠ። ኔብራስካ ያለውን ዴል ኤሌክትሮኒክስን መግዛት ጀመረ። ከዚያ የጀርመኑ ድራሎሪክና የፈረንሳዩ ስፈርኒስ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ ሬዚስተር ሠሪዎች ናቸው።

ቀጥሎ ካፓሲተር መጣ። በ1992 የስፕራግን የታንታለም (የብረት ዓይነት ነው) ካፓሲተር ሥራ ገዛ። ስፕራግ የአሜሪካ አንጋፋ ካፓሲተር ሠሪ ነው፤ የድሮ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ሮደርሽታይንና ቪትራሞን ተጨመሩ። በ2002 ደግሞ ድሮ የፊሊፕስ የነበረው ቢሲ ኮምፖነንትስ ገባ።

ከዚያ ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም እነ ዳዮድና ሞስፌት። በ1998 ከዳይምለር-ቤንዝ ላይ የቴሚክን ሥራ ገዛ። በዚህ ውስጥ የሲሊኮኒክስ አብዛኛው ድርሻና የቴሌፉንከን ሴሚኮንዳክተር ነበሩ። መግቢያው ላይ ያነሳናት የሪሲቨር ዓይን ዘሯ ከቴሌፉንከን ነው። በ2001 ጄነራል ሴሚኮንዳክተር ተከተለ። በ2007 ከኢንተርናሽናል ሬክቲፋየር ላይ የተወሰኑ የሞስፌትና የዳዮድ መስመሮችን ወሰደ። በ2024 ደግሞ ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ያለውን የቺፕ ፋብሪካ ከኔክስፔሪያ ገዛ።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የገዛቸውን ስሞች አላጠፋም። እስከ ዛሬ ቪሼይ ዴል፣ ቪሼይ ስፕራግ፣ ቪሼይ ሲሊኮኒክስ እየተባሉ ይጠራሉ። ሌሎች ኩባንያዎች ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ታፔላ መንቀል ነው።

ቤተሰቡን ናዚዎች የፈጁበት ሰው እንዴት የጀርመን ኩባንያ ገዛ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንድ ሁለት አይደለም የገዛው። ድራሎሪክ፣ ሮደርሽታይን፣ ቴሌፉንከን ሁሉም ጀርመናዊ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጀርመናውያን ሠራተኞቹ ሆኑ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ በ2005 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈፃሚ የሆኑት ዶክተር ጌራልድ ፓውል ከድራሎሪክ ጋር የመጡ ጀርመናዊ ናቸው። ዛንድማን የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ከእሳቸው ጋር ሠሩ። ፓውል እስከ 2022 መጨረሻ መሩት።

ይህን መርሳት ነው ብሎ የሚያስብ አለ። እኔ አይመስለኝም። የረሳ ሰው ኩባንያውን ቪሼይ ብሎ አይጠራም።

አሁንም የቤተሰብ ነው? አክሲዮኑ ገበያ ላይ ይሸጣል ይባላል።

ሁለቱም ልክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

ቪሼይ በኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ መግዛት ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የአንድ ቤተሰብ ንብረት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት አክሲዮን አለ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ተራው አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው። ሁለተኛው ‹ቢ› የሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ አሥር ድምፅ አለው፤ ገበያ ላይም አይሸጥም። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በቁጥር ከጠቅላላው ከአሥር አንዱ እንኳ አይሞላም። ድምፅ ሲቆጠር ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል። አብዛኛው ያለው በዛንድማን ቤተሰብ እጅ ነው።

በቀላሉ፣ ቤቱ የብዙ ሰው ነው፤ ቁልፉ ያለው አንድ ቤተሰብ ጋ ነው።

ይህ አሠራር የሚተች አለው። ብዙ ገንዘብ ያወጣው ባለድርሻ ለምን ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል፣ የሩብ ዓመት ትርፍ ብቻ የሚያይ ባለሀብት ቢይዘው ኖሮ ኩባንያው ከረጅም ጊዜ በፊት ተቆራርጦ በተሸጠ ነበር ብዬ አስባለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ገበያ አንዴ ይፈላል፣ አንዴ ይበርዳል። በበረደ ጊዜ የሚታገሥ ባለቤት ያስፈልገዋል።

ከዛንድማን በኋላ ማን ያዘው?

ዶክተር ዛንድማን በሰኔ 2011 ፊላዴልፊያ ውስጥ አረፉ። ልጃቸው ማርክ ዛንድማን የቦርዱ ሰብሳቢ ሆኑ። ባለቤታቸው ሩታ ዛንድማንም ቦርዱ ውስጥ አገልግለዋል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈፃሚው ጆኤል ስሜይካል ናቸው።

ያ የመጀመሪያው ፎይል ሬዚስተር አሁንም ቪሼይ ነው የሚሠራው?

ስሙ አዎ፣ ኩባንያው አይደለም። በ2010 ፎይል ሬዚስተሩ፣ ስትሬን ጌጁና የሚዛን መሣሪያዎቹ ተለይተው ቪሼይ ፕሪሲዥን ግሩፕ የተባለ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኑ። እሱም መቀመጫው ማልቨርን ነው፤ እሱም አሥር ድምፅ ያለው አክሲዮን አለው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቪሼይ ስታዩ ግራ አትጋቡ። ሁሉ የተጀመረበት ዕቃ ያለው በትንሹ ወንድም ቤት ነው።

እስራኤል ውስጥ ፋብሪካ አለው የሚባለውስ?

አለው። ኩባንያው ገና ትንሽ ሳለ ነው እዚያ የገባው። ሖሎን፣ ዲሞናና ሚግዳል ሃኤሜክ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው። ዲሞና ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ናት፤ ሥራ የሚፈለግባት ከተማ ናት። ሚግዳል ሃኤሜክ ደግሞ ሰሜን ነው። በሁለቱም አካባቢ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ስለሚኖሩ፣ ከዚያ ለምታነቡ ሰዎች የቪሼይ ታፔላ እንግዳ ላይሆን ይችላል።

እጄ ላይ ያለው ዕቃ የቪሼይ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

አገራችን ያሉ ጠጋኞች ሳያውቁት የቪሼይን ዘር ብዙ ነክተዋል። ከሪሲቨር ዓይን ሌላ አይአርኤፍ 840 የሚለውን ሞስፌት አስቡ። ከ2007ቱ ግዢ በኋላ የቪሼይ ነው። ወርቃማ አሉሚኒየም የለበሱት፣ ግራና ቀኝ የብሎን ቀዳዳ ያላቸው የኃይል ሬዚስተሮችም ከዴል የመጡ ይገኙባቸዋል።

ግን ስም ማየት ብቻ አይበቃም፣ ማስመሰያው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ሞስፌት ገዝቼ ኢንቨርተር ላይ ገጠምኩት። ጭነት ስሰጠው ጭስ አወጣ። ሰብሬ ሳየው ውስጡ ያለው ቺፕ ከእውነተኛው በብዙ ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አያለሁ። ጽሑፉን በአልኮል አሸዋለሁ፤ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ እተወዋለሁ። ከአንድ ካርቶን የወጡት ሁሉ ተመሳሳይ የምርት ኮድ እንዳላቸው አያለሁ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከረከሰ ደግሞ አልገዛም።

ተማሪዎቼ ሙቀት ሬዚስተርን ሲለውጥ በዓይናቸው እንዲያዩ ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው። 100,000 ኦም የሆነ ተራ የካርቦን ፊልም ሬዚስተር ፈልጉ። መልኩ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ክሬም ነው፤ ከተጣለ ቦርድ ላይ ነቅላችሁ መጠቀምም ትችላላችሁ። መልቲሜትሩን በአዞ ቆንጣጭ አያይዙት። በጣት አትያዙት፤ ሰውነታችን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ንባቡን ያበላሸዋል።

ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ አቅርባችሁ ለአንድ ደቂቃ አሙቁት። የመጨረሻዎቹ አሃዞች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ካርቦን ፊልም ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ታች ይሄዳል። ማድረቂያውን አጥፉና ጠብቁ። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይመለሳል።

አሁን በዚያው ቦታ ሰማያዊውን የሜታል ፊልም አያይዙና ድገሙት። እንቅስቃሴው በብዙ ያንሳል፤ አንዳንዱ መልቲሜትር ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ልጆቹ ልዩነቱን ካዩ በኋላ ፎይሉንና ሴራሚኩን ሰሌዳ ላይ ሳሉላቸው። ሦስት ማዕዘኑንና አጎቱን ግን ከዚያ በፊት ንገሯቸው። እኔ የማስተምረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል።